ማኅተም የተመታበት ግራ ጆሮዬ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ከተቻለም በቀኜ በኩል ተቀመጡ። ለምን በቀኝ እንደሆነ ወሬው ራሱ ይነግራችኋል።

ነገሩ የሆነው በአንድ አገር ነው። የአገሩን ስም ተዉት፤ እኔ ኖሬበታለሁና አልረሳሁትም፣ ግን ስሙን ባነሣ የሚቀየም አይጠፋም። እዚያ አገር ሰው ሚስት ሲያገባም፣ ቤት ሲሠራም፣ ለልጁ ስም ሲያወጣም እንደ ፈቀደው ነበር። ስፒከር ሲገዛ ግን እንደ ፈቀደው አይደለም። ሕዝቡ ዘፈን ይወዳል። ድሀውም ሀብታሙም ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሁለት ስፒከር ያቆማል። ታዲያ ያልተፈተነ ስፒከር ከደጃፍ አያልፍም፤ መጀመሪያ ወደ መስሚያ ቤት ይወሰዳል።

መስሚያ ቤት ትልቅ አዳራሽ ነው። ከወዲያ መጋረጃ፣ ከወዲህ ሦስት ወንበር። ባንደኛው ወንበር የልክ ቤት ሹም፣ በሌላው የለዛ ቤት ሹም ይቀመጣሉ፤ መካከላቸው ደግሞ ሦስተኛው ሰሚ። ሦስተኛው ሰሚ እኔ፣ ታፈረ፣ ነበርኩ።

የልክ ቤቱ ሹም ሊቀ ልክ ድልነሳው ይባላሉ። ከሲታ፣ ንጹሕ፣ በሁለቱም ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሚሰኩ ሰው ናቸው። "ስፒከር መልእክተኛ ነው" ይላሉ። "መልእክተኛ የተነገረውን ያደርሳል እንጂ አያሳምርም፤ ዘፋኙ ካሳለ ሣጥኑም ይሳል።" የእሳቸው ቤት ፈተናው በዘፈን አይደለም። እንቁላል ሲሰበር፣ በር ሲላተም፣ አንድ ሽማግሌ ሲያንኮራፋ የተቀዳ ድምፅ አላቸው። እሱን በሣጥኑ ያሰሙና የመለኪያ መኪናቸው ወረቀት ላይ መስመር ይሰምራል። መስመሩ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ካለ ሰማያዊ ማኅተም ይመታል። አንድ ጊዜ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት መስመሩ ላይ ቢያዩ ሣጥኑን "ቀጣፊ!" ብለው በጥፊ መቱት።

የለዛ ቤቷ ሹም ሊቀ ለዛ ዘርፌሽዋል ደግሞ ደልደል ያሉ፣ ሲስቁ አዳራሹ የሚሞቅ ሴት ናቸው። "መልእክቱን አድርሶ ልብ ካልነካማ ደብዳቤ ይበቃን አልነበር?" ይላሉ። እሳቸው ወረቀትና መስመር አይወዱም፤ ለዛ አይለካም ባይ ናቸው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ቃለ መሐላ የፈጸሙ ነቅናቂዎች አግዳሚ ላይ ይደረድራሉ። ዘፈኑ ሲሰማ የማን ራስ ስንት ጊዜ እንደ ነቀነቀ፣ የማን ትከሻ እንደ ተንቀሳቀሰ በጣት ይቆጠራል። ለኀዘን ዘፈን የእንባ ማንኪያ አላቸው። ንቅነቃው ከአርባ ካለፈ፣ ወይም ማንኪያው እስከ ግማሽ ከሞላ፣ ቀይ ማኅተም ይመታል።

ሁለቱም ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል።

በግራዬ የሚኖሩት ጎረቤቴ ወይዘሮ በላይነሽ ሰማያዊ ማኅተም ያለው ስፒከር ገዙ። በሳምንቱ በር ላይ አገኘኋቸውና "እንዴት ነው?" ብላቸው፣ "ጉድ ነው ጋሽ ታፈረ!" አሉኝ። "ያ የምወደው ዘፋኝ ለካ ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው። 'ፍቅር' ባለ ቁጥር ቀጭ ይላል።" ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ትተው ጥርሱን ሆነ የሚያዳምጡት። በቀኜ ያለው አቶ እርገጤ ደግሞ ቀይ ማኅተም ያለውን ገዛ። አንድ ቀን ቤቱ ጭፈራ ሰማሁና የምን ድግስ ነው ብዬ ብገባ፣ ሬዲዮው ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን እንደ ወሰደው ያወራል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ትከሻ ይመታል። "ድልድዩ ተወሰደ ሲል እንዴት እንደሚጥም!" አለኝ ላቡን እየጠረገ። ድልድዩ በማግስቱ ለገበያ የሚሻገርበት ድልድይ ነበር።

እንግዲህ ሰማያዊውን ያገኘ ሣጥን ቀዩን አያገኝም፤ ቀዩን ያገኘው ሰማያዊውን ያጣል። ሁለት ሣጥን ለውድድር ሲቀርብ ሁልጊዜ አንድ ለአንድ ነው። ለዚህ ነው ሦስተኛ ሰሚ ያስፈለገው፤ ሕጉም ቁጥር የማያውቅ፣ ጣዕምም የሌለው ሰው ይሁን ይላል። እኔን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ ይኸው ሕግ ነው። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ወፍጮ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ነው የወጣሁት። ሊቀ ልክ ጠርተው "ሰባትና ስምንት ስንት ነው?" አሉኝ።

"አሥራ አምስት፣ ወይም እዚያው አካባቢ" አልኳቸው።

ሊቀ ለዛ ቀጠሉና "የትኛው ዘፈን ያስለቅስሃል?" አሉ።

"እኔን የሚያስለቅሰኝ ሽንኩርት ነው እመቤቴ።"

ሁለቱም ደስ አላቸው። ሞቅ ያለ ባርኔጣ ሰጡኝና በመካከላቸው አስቀመጡኝ። የወፍጮው ሞተር ግን በግራዬ በኩል ነበር የሚተከለው። ግራ ጆሮዬ ከሥራው ሳልወጣ በፊት ድርቅ ብሎ ነበር፤ መድፍ ቢተኮስበት አይሰማም። ይህን አልነገርኳቸውም። አልዋሸሁም ልጆቼ፤ አልተጠየቅሁም።

መስሚያ ቤቱ አንድ ሥርዓት ነበረው። የሚወዳደሩት ሁለት ሣጥኖች አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ከመጋረጃው ኋላ ይቆሙና እኩል ይለቀቃሉ። ተራ በተራ ቢሰሙ ሰው የመጀመሪያውን ይረሳል፤ እኩል ቢጮሁ ግን መርሳት የለም ተብሎ ነው። ነቅናቂዎቹ ወደየትኛው እንደ ነቀነቁ በአንገታቸው ዘመም ማለት ይታወቃል። እኔም እሰማና "የቀኙ" እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? የግራው አይሰማኝ!

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "የቀኙ" አልኩ።

ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ነቁ። የቀኝ ቦታ ለመያዝ ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፈው ይገፋፉ ጀመር። ቀጥሎ ሁለቱ ቤቶች ነገሩን መረመሩት፤ እኔን ግን አልመረመሩም። ልክ ቤት የአዳራሹ ወለል በፀጉር ስፋት ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል፣ ድምፅም ወደ ቁልቁለቱ እንደሚፈስ በወፍራም መጽሐፍ አስረዳ። ለዛ ቤት የማለዳ ፀሐይ የቀኙን ግድግዳ ስለሚያሞቀው እዚያ የቆመ ሣጥን ሆዱ እንደሚላላ ጻፈ። መጽሐፎቹ በየትምህርት ቤቱ ተሰጡ። የከተማው ሰውም ሁለቱንም ስፒከር ወደ ቀኝ ግድግዳ አዞረ፤ ሶፋውንም አስከትሎ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በመንገድ የምታገኙት ሰው ሁሉ አንገቱ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ ሆነ። ወጌሻዎች ሥራ በዛባቸው። እኔ እውነቱን ልናገር እላለሁ፤ ባርኔጣው ደግሞ ሞቅ ይላል፤ ነገ እላለሁ።

ያን ጊዜ ነው አዲሱ ሕግ የወጣው። "በሠርግ ላይ ማኅተም የሌለው ድምፅ እንዳይሰማ" ይላል። መንደር ውስጥ በርካሽ ስፒከር ዘፈን የሚያበላሹትን ለመከላከል ነበር ሐሳቡ፤ ለደጉ ነው የወጣው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የድሮው ዘፋኝ ጋሽ ባንተይርጋ ክራሩን በብብቱ ይዞ መስሚያ ቤት ገባ። ከወፍጮ ቤት ጀምሮ ወዳጄ ነው። እህሉን ይዞ ሲመጣ ተራው እስኪደርስ ከሞተሩ ጋር እየተፎካከረ ይዘፍን ነበር፤ ሞተሩን ያሸነፈበት ቀንም አለ። አሁን ሰባ አልፎታል። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

"የዕቃው ዓይነት?"

"ጉሮሮ።"

"የተሠራበት ዘመን?"

"እናቴ የአንበጣው ዓመት ትለኝ ነበር።"

"ተጠግኖ ያውቃል?"

"በልጅነቴ እንጥሌ ተቆርጧል።"

"ዋስትናው እስከ መቼ ነው?"

"እሱን ላይ ያለውን ጠይቂልኝ ልጄ" ብሎ ወደ ጣሪያው ጠቆመ። እሷም "ጣሪያ" ብላ ጻፈች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ነገሩን አጫወተኝ። የልጅ ልጁ እንጉዳይ እሁድ ታገባለች። በዚያ አገር ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው የቤቱ ታላቅ መሸኛ ሲዘፍንላት ነው፤ ሳይዘፈንላት የወጣች እንደ ተባረረች ትቆጠራለች። የእንጉዳይን እናት የሸኛት እሱ ነበር፤ ልጅቷን ጥላ ሞተች እንጂ። "አያቴ በአፉ ካልሸኘኝ ከተቀመጥኩበት አልነሣም አለች" አለኝ። "ሕጉ ደግሞ ማኅተም ይላል። ይኸው ጉሮሮዬን ይዤ መጣሁ ታፈረ። ምን ላድርግ?"

መወዳደሪያ ያስፈልጋል ተባለ። የራሱ የጋሽ ባንተይርጋ መሸኛ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀዳ አለ፤ እሱ ማኅተም ባለው ሣጥን ይልቀቅና ሰውዬው ከራሱ ጋር ይመዘን። ሣጥኑ ማኅተም ስላለው በክብር ቦታው በቀኝ ቆመ። ጋሽ ባንተይርጋ በግራ በርጩማ ተሰጠው። መጋረጃው ተዘጋ። እኩል ጀመሩ።

እኔ ሣጥኑን ሰማሁ። ወጣት ድምፅ፣ እንደ ወተት የነጻ።

ሲያበቃ ሊቀ ልክ ወረቀታቸውን ዘርግተው ተነሡ። "አመልካቹ ራሳቸውን አይመስሉም" አሉ። "በሦስተኛው ስንኝ ከራሳቸው አንድ ትንፋሽ ዘግይተዋል። በአምስተኛው አንድ ቃል ጥለዋል። ከዚህም ሌላ 'ኧረ ተቀመጡ' የሚል ዋናው ላይ የሌለ ነገር ጨምረዋል።"

"በቀዳዳ ሳይ የቆመ ሰው አይቼ ነዋ!" አለ ጋሽ ባንተይርጋ ከመጋረጃው ኋላ።

"ዋናው ላይ የቆመ ሰው የለም።"

"ዋናው እኔ ነኝ እኮ!"

"እርስዎ ቅጂ ነዎት፤ ዋናው ሣጥኑ ውስጥ ያለው ነው" አሉ ሊቀ ልክ፣ በአክብሮት።

ሊቀ ለዛ እያዘኑ ተነሡ። "እኔስ ብሰጥዎ ደስ ባለኝ። ግን ሣጥኑ ሃምሳ ሁለት ንቅነቃ አለው፤ እርስዎ አሥራ ዘጠኝ። ከአሥራ ዘጠኙም ሁለቱ እንቅልፍ ነው።"

 ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ የገባው መሰለኝ፤ ልክ ቤትና ለዛ ቤት በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተዋል! ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሁለቱ ሹሞች ተቃቀፉ። ሊቀ ልክ አለቀሱ፤ ሊቀ ለዛም እንባቸውን በማንኪያ ተቀበሉላቸውና "ሩብ!" ብለው አስመዘገቡ።

የቀረው የእኔ ፊርማ ነበር። ብዕሩን ሰጡኝ። ጋሽ ባንተይርጋ መጋረጃውን ገልጦ ወጣና እዚያው ቆመ። ክራሩን እንደ ሕፃን አቅፎታል።

"ታፈረ፣ አንተስ?" አለኝ። "አንተስ እንዴት ሰማኸኝ?"

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደ ሰማሁ የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። ብዕሩን አስቀመጥኩ። "ወንበሬን አዙሩልኝ፤ አሁን ያለ ሣጥኑ ይዝፈን" አልኩ። ጉምጉምታ ሆነ፤ ያ ወንበር ተነቃንቆ አያውቅም። ራሴ ተነሥቼ አዞርኩትና ቀኝ ጆሮዬን ሰጠሁት። አንድ ስንኝ ብቻ ዘፈነ። ያን ጠዋት ሲዘፍን ያልሰማሁትን ወዳጄን ሰማሁት።

ባርኔጣዬን አውልቄ "ጌቶቼ፣ ይቅር በሉኝ" አልኩ። "ግራ ጆሮዬ አይሰማም። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ አይሰማም። አሥራ አንድ ዓመት የቀኙ ስል የኖርኩት ለዚህ ነው።"

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ማንም አልሰደበኝም። አንገታቸውን ወደ ቀኝ እንዳዘመሙ አዩኝ። አንድ ነጋዴ ብቻ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። የእኔ ጆሮ ደንቆሮ ከሆነ የአሥራ አንድ ዓመት ማኅተም ከንቱ ነው፤ መጽሐፎቹም፣ ወለሉም፣ ግድግዳውም፣ የሰው አንገትም። ሁለቱ ሹሞች ወደ ጓዳ ወስደው መረመሩኝ። ሊቀ ልክ ቀኝ ጆሮዬን በጥጥ ደፍነው በማንኪያ ትሪ እየመቱ ከግራዬ ቆሙ፤ መምታታቸውን ያወቅሁት በጓዳው መስተዋት ነው። ሊቀ ለዛ ደግሞ የሚያሳዝን ግጥም አንሾካሾኩበት።

"እንዴት ነው?" አሏቸው ሊቀ ልክ ጥጡን እያወጡ።

"ደንቆሮ ነው፤ ግን ስሜት ያለው ደንቆሮ ነው" አሉ ሊቀ ለዛ።

ከዚያ ተማክረው ወጡ። ሊቀ ልክ ውሳኔውን በራሳቸው እጅ ጽፈው በራሳቸው አፍ አነበቡት። "የሦስተኛው ሰሚ ግራ ጆሮ ከዛሬ ጀምሮ በሕግ ሰሚ ነው። እሱ የሰማው ልክ ይሁን፤ እሱ ያልሰማው ያልነበረ ይሁን። በዚህ ላይ ክርክር የለም።" ሊቀ ለዛም ፈረሙበት። ሰማያዊውንና ቀዩን ማኅተም አመጡና አጠገብ ለአጠገብ ጆሮዬ ላይ መቱት። ልጆቼ፣ በዚያ አገር ሁለቱንም ማኅተም ያገኘ የመጀመሪያው ነገር የእኔ ደንቆሮ ጆሮ ነው።

ግራ ጆሮዬ አልሰማውምና ጉሮሮው ፈተናውን ወደቀ። ጋሽ ባንተይርጋ በር ላይ ደርሶ ዞረና "ለልጅቷ ምን ልበላት?" አለኝ። 

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ሠርጉ ቤት ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ማኅተም ያላቸው ሁለት ስፒከሮች በቀኝ ተደርድረዋል፤ እንግዳው ሁሉ ወደዚያ አዘንብሎ ይበላል። ሁለቱ ሹሞች የክብር ቦታ ይዘዋል። ጋሽ ባንተይርጋ ጥግ ላይ ነው፤ ነጭ ለብሷል፣ ክራሩ ጉልበቱ ላይ ዝም ብሏል። የመሸኛው ሰዓት ደረሰና ያ የሠላሳ ዓመት ድምፅ በስፒከሩ ተለቀቀ። ሚዜዎቹ ተነሡ። እንጉዳይ አልተነሣችም።

"ተነሺ እንጂ የእኔ እናት" አለቻት አክስቷ።

"አልነሣም።"

"አያትሽ እየሸኘሽ አይደል እንዴ? አትሰሚም?"

"እሱ አያቴ አይደለም። አያቴ ያው ጥጉ ላይ ተቀምጧል።"

ዘፈኑ አለቀ። እንደገና ለቀቁት። እንደገና አለቀ። የሙሽራው አባት ሰዓቱን ያይ ጀመር። "ልጅቷ አልፈለገችንም ማለት ነው?" አለ፤ ቀስ ብሎ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ግን ጮክ ብሎ ነው። ከወገኖቹ ሁለቱ ጋቢያቸውን አነሡ። ሙሽራው ቀና ብሎ እንጉዳይን አያት፤ ዓይኗ ሞልቷል፣ ከንፈሯን ነክሳለች፣ አትነሣም። ሌላ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ሠርጉ ያኔውኑ ይፈርስ ነበር።

ተነሣሁና ስፒከሩን ዘጋሁት። ወንበር ይዤ ሄጄ ከጋሽ ባንተይርጋ ጎን ተቀመጥኩ፤ ግራ ጆሮዬን ወደ እሱ አድርጌ።

"ዝፈን" አልኩት።

"ይቀጡኛል ታፈረ።"

"ማን ሰምቶ? ዝፈን ብዬሃለሁ!"

ክራሩን መታና ዘፈነ።

እንዳበቃ ሊቀ ልክ ብድግ አሉ። "ማኅተም የሌለው ድምፅ በሠርግ ላይ ተሰምቷል!"

"በማን ጆሮ ጌታዬ?" አልኳቸው።

"በእኔ ነዋ!"

"የእርስዎ ጆሮ ማኅተም አለው?"

እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ፤ እርሳስ ብቻ አገኙ። ሊቀ ለዛም የጆሮ ጌጣቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ባርኔጣዬን አነሣሁና ግራ ጆሮዬን ለድንኳኑ ሁሉ አሳየሁ። ሦስት ቀን ሳልታጠብ ያቆየሁት ነው፤ ቀዩም ሰማያዊውም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"በዚህ አገር ማኅተም ያለው ጆሮ ይኸ ብቻ ነው" አልኩ። "ከዘፋኙ አፍ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ምንም አልሰማም። ያልሰማው ደግሞ ምን ይሁን ተብሎ ነበር የተጻፈው?"

 ጋቢያቸውን ያነሡት ሁለቱ የሙሽራው ወገኖች መልሰው አስቀመጡ። ሊቀ ልክ የጻፉትን አይክዱም፤ እዚያ ላይ ሰውዬውን አከብራቸዋለሁ።  ከዚያ "ያልነበረ ይሁን ነው የሚለው" አሉና ተቀመጡ። "ልክ ነው።"

እንጉዳይ ተነሣች። የአያቷን ጉልበት ስማ፣ እጇን ለባሏ ሰጥታ ወጣች። እልልታው ማኅተም ነበረው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ቀኝ ጆሮዬንም የጠየቀው የለም። እናንተ ቀርባችሁ ስለ ተቀመጣችሁ ግን ልንገራችሁ። ጋሽ ባንተይርጋ በሦስተኛው ስንኝ እንደገና ዘገየ፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው። በር ላይ የተጨናነቁትን "ኧረ ተቀመጡ" አለ፤ ሰው እያለቀሰ ሳቀ። የሊቀ ለዛ ማንኪያ ከቦርሳ አልወጣም፤ በእጃቸው ጀርባ ነበር ጉንጫቸውን የሚጠርጉት። በአምስተኛው ስንኝ ያቺን ቃል ጣላት፤ ድምፁ ቆመ። ያኔ እንጉዳይ ከተቀመጠችበት ቃሏን አቀበለችው። ከእሷ ጋር እኩል ደግሞ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ቃሏን ሲል ሰማሁ። ዘወር ብዬ ሳይ ሊቀ ልክ ናቸው፤ ዋናውን ከነትንፋሹ በቃላቸው ይዘውት ኖሯል።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም።